በመረብ ውስጥ የተንሳፈፈ አክሻፊ ለሰማዩ ምን ያህል ዋስትና ነው?

ልጁን ዐረብ ሀገር የላከ ቤተሰብ፣ ዘመዱ በእስራኤል የሚኖር ወገን፣ የጦርነት ዜና በተሰማ ቁጥር ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው አንድ ቃል አለ፤ «ከሽፏል» የሚለውን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የየመን ሁቲዎች በአቡዳቢ ላይ በሰነዘሩት ጥቃት ሦስት የውጭ ሀገር ሠራተኞች ሕይወታቸው አልፏል፤ በዚያው ጥቃት «ታድ» የተሰኘው አሜሪካ ሠራሽ መከላከያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት ሚሳኤል ማክሸፉ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ኢራን በኳታር ወደሚገኘው የአል ኡዴይድ የጦር ሰፈር ከተኮሰቻቸው ሚሳኤሎች አብዛኞቹ ከሽፈዋል፤ አንዱ ግን በሰፈሩ ውስጥ ማረፉን ፔንታጎን አረጋግጧል።

«ከሽፏል» እና «አርፏል» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሚወሰነው በጥቂት ሰከንዶች ነው። በእነዚያ ሰከንዶች አክሻፊውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል እንዴት እንደሚሠራ፣ በምድር ላይ እንዴት እንደሚፈተንና ፈተናውም ምን እንደማያረጋግጥ ማወቅ ለዜናው ትክክለኛ ሚዛን ይሰጣል።

ክንፍ በማይሠራበት ቦታ

አውሮፕላን የሚታጠፈው ክንፉና ጅራቱ አየሩን ስለሚገፉ ነው። ከከባቢ አየር በላይ ግን የሚገፋ አየር የለም። ስለዚህ በዚያ ከፍታ የሚሠራ አክሻፊ የሚገፋውን ነገር ራሱ ተሸክሞ ይወጣል፤ ይኸውም ነዳጅ ነው። የመስኖ ሞተር ሲነሣ ውኃው ወደ ፊት ሲወረወር የቱቦው ጫፍ ወደ ኋላ እንደሚገፋ ገበሬው በእጁ ያውቀዋል። አክሻፊውም ጋዝ ወደ አንድ ጎን ሲተፋ አካሉ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል።

አሜሪካ በአላስካና በካሊፎርኒያ ያስቀመጠቻቸው ረዥም ርቀት አክሻፊዎች ጫፍ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ክብደቱ 64 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ርዝመቱ 1.4 ሜትር ያህል ነው። በወገቡ ዙሪያ በመስቀል ቅርጽ አራት ትላልቅ ገፊ ሞተሮች አሉት፤ እነዚህ መላ አካሉን ወደ ጎን ያሻግሩታል። ሌሎች ትናንሽ ሞተሮች ደግሞ ሙቀት የሚለየው ካሜራ ከዒላማው ላይ ዐይኑን እንዳይነቅል አፍንጫውን ያቀናሉ። ትልልቆቹ ሞተሮች በክብደቱ መካከል ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ጥቂት ቢያፈነግጡ አካሉን ከማሻገር ይልቅ ያሽከረክሩታል።

ፈንጂ አልተጫነበትም፤ ዒላማውን የሚያጠፋው በግጭት ብቻ ነው። ሁለቱ አካላት በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ስለሚቀራረቡ በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ውስጥ 10 ሜትር ይጓዛሉ። በዚህ ፍጥነት ትንሿ መዘግየት መሳት ናት።

በመረብ ላይ መንሳፈፍ

ይህን የመሰለ ተሽከርካሪ ወደ ሕዋ ሳይወጣ የሚፈተንበት አንዱ መንገድ ባለበት አየር ላይ ማንሳፈፍ ነው። በካሊፎርኒያ በረሃ በሚገኘው የኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 በዚያ የተፈተነው ተሽከርካሪ በታችኛው ሞተሩ ክብደቱን ተሸክሞ ከመሬት ተነሣ፤ በጎን ሞተሮቹ ሚዛኑን ጠበቀ፤ እየተንሳፈፈም ለዒላማ የተዘጋጀለትን ነገር በካሜራው ተከተለ። ዙሪያውን የታጠረው መረብ ሲወድቅ እንዳይሰበር የተዘጋጀ ነው።

ሞተሮቹ ያለማቋረጥ አይነዱም፤ ቫልቮቻቸው በቅጽበት እየተከፈቱና እየተዘጉ ይተኩሳሉ፤ የመትረየስ ድምፅ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዷ ቅጽበት ምን ያህል እንደተዘመመ ለክቶ የትኛው ሞተር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚተኩስ ይወስናል። ሙከራው አጭር የሚሆነው ነዳጁ ከምድር ስበት ጋር በመታገል ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። በሕዋ ግን አክሻፊውም ዒላማውም በነፃ ስለሚወድቁ ነዳጁ በሙሉ ለመሪነት ይውላል።

ንዝረት ያስከፈለው ዋጋ

የገፊ ሞተር ኃይል መሪም ሆነ አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ያሳየው እ.ኤ.አ. የዲሴምበር 2010 ሙከራ ነው። አክሻፊው ወደ ሕዋ ወጥቶ ዒላማውን ሳተ። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት የሞተሮቹ ንዝረት የአቅጣጫ መለኪያውን ማወኩ ነው። ተሽከርካሪውን የሚመራው ኃይል ራሱ ዐይኑን አደበዘዘው ማለት ነው። ችግሩ ተስተካክሎ ዒላማ ለመምታት የተቻለው እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው።

በምርምር ጣቢያ የሙከራ ማሳ ላይ የተገኘ ምርት በገበሬው ማሳ ላይ እንዳለ እንደማይደገም የግብርና ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ። በመረብ ውስጥ የተንሳፈፈ ተሽከርካሪም እንዲሁ ነው። ሙከራው ቫልቮቹ በሰዓቱ እንደሚከፈቱ፣ ኮምፒውተሩ ሚዛን እንደሚጠብቅ ያረጋግጣል። በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር የሚቀርብን ዒላማ ግን አያሳይም፤ ከእውነተኛው አረር ጋር የሚለቀቁ ማሳሳቻዎችንም አያቀርብለትም።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ሐቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በተሳካ ሁኔታ የተንሳፈፈው ተሽከርካሪ ዓላማው ብዙ ትናንሽ አክሻፊዎችን በአንድ ሮኬት ልኮ የማሳሳቻዎችን ችግር መፍታት ነበር። ሆኖም በተከታዩ ዓመት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ባቀረቡት በጀት መርሐ ግብሩ ተሰረዘ። በአላስካና በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ካደረጋቸው የማክሸፍ ሙከራዎች ዒላማውን የመታባቸው ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጡ ናቸው። እነዚህም የተደረጉት በታቀደ ቀንና በታቀደ መንገድ ነው።

በባሕረ ሰላጤው ያሉት እንደ ታድ ያሉ መከላከያዎች የሚመክቱት አጠር ካለ ርቀት የሚመጣን ሚሳኤል በመሆኑ የሙከራ ውጤታቸው ከዚህ የተሻለ ነው። የነዳጅ ልክ፣ የንዝረትና የቅጽበት ሕግ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ከዚህ በተጨማሪ የአክሻፊዎቹ ቁጥር የተወሰነ ነው።

ስለዚህ «ከሽፏል» የሚለው ቃል የብዙ ዓመታት ልፋት ውጤት ነው፤ ሊታመንም ይገባዋል። «ሁሉም ይከሽፋል» የሚለው ግን ከመረቡ ውስጥም ሆነ ከሕዋው ሙከራ ያልተገኘ ተስፋ ነው። በዚያ ሰማይ ሥር የሚሠራ ልጅ ያለው ቤተሰብ በስልክ ሲያገኘው ሊያሳስበው የሚገባው ነገር ቀላል ነው፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ አክሻፊው እስኪሠራ ቆሞ ሰማይ አይመልከት፣ ወደ መጠለያ ይግባ። የከሸፈ ሚሳኤልም ስብርባሪው መሬት ይወድቃልና።