ሕፃኑ ፊቱን ወደ መንገድ ሲያዞር

በአሁኑ ጊዜ በከተማችን መንገዶች ላይ አንድ አዲስ ነገር ይታያል። ወጣት አባት ከሥራ መልስ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕፃን ልጁን በጀርባው ሳይሆን በደረቱ ላይ ታጥቆ፣ የሕፃኑንም ፊት ወደ መንገዱ አዙሮ ሲሄድ እናያለን። ሕፃኑ እጁንና እግሩን እያወራጨ መኪናውንም ሰውንም ይመለከታል፤ መንገደኛውም አይቶት ፈገግ ይላል። ቀድሞ ልጅ ማዘል የእናት፣ የአያትና የሞግዚት ሥራ ብቻ ሆኖ ይቈጠር ስለ ነበር፣ አባት ድርሻውን ለመሸከም መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ሸክሙ ሰው ነውና አያያዙን ማወቅ ይገባል።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳንባል፣ አገራችን በማዘል ጥበብ ጀማሪ አለመሆኗን አስቀድመን እንናገር። ከተለፋ ቆዳ የሚሠራው፣ በዛጎልና በጨሌ የሚያጌጠው አንቀልባ ስንቱን አሳድጎ ለወግ ለማዕርግ አብቅቷል። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ሆዱን ከእናቱ ጀርባ ለጥፎ፣ ጭኖቹን ከፍቶ፣ በበቅሎ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ሆኖ ይሄዳል። ሲደክመው ጉንጩን አስደግፎ ይተኛል፤ ሲነቃ አንገቱን ዘወር አድርጎ መንገደኛውን ያያል። ማየቱም መደበቁም በራሱ ፈቃድ ነው።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው፣ ዘለበትና ማንገቻ ያለው የደረት ማዘያም ቢሆን ከአፍሪካ የራቀ ዘር የለውም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት ነርስ የሰላም ጓድ አባል ሆና በቶጎ ስታገለግል፣ የአገሩ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲሠሩና ሲሄዱ፣ ሕፃናቱም ረጋ ብለው ስታይ ተደነቀች። የራሷን ልጅ በወለደች ጊዜ እንደዚያው ልታዝል ፈለገች፤ ጨርቁ ግን እየላላ አስቸገራት። ስለዚህ እናቷ ማንገቻ ያለው ማዘያ ሰፉላት። «ስናግሊ» የተባለው ይህ ማዘያ በ1969 የፈጠራ መብት አግኝቶ በብዙ አገር ታወቀ። እንግዲህ ከአፍሪካ የሄደው ጥበብ ዘለበት ተጨምሮለት ወደ አፍሪካ ተመለሰ ማለት ነው። ፊትን ወደ ውጭ አዙሮ ማዘል ግን ከአንቀልባም፣ ከቶጎ እናቶችም የተወረሰ አይደለም።

ታዲያ ይህ አዲስ ነገር ክፉ ነውን? ክፉ አይደለም፤ ልክ ግን አለው። ሕፃኑ ፊቱን ወደ ውጭ ሲያዞር ዓለሙን በሙሉ ያያል። በዚያው መጠን ሁለት ነገሮችን ያጣል። አንደኛ፣ ፊቱን የሚደብቅበት ደረት ያጣል። ሁለተኛ፣ ፊቱን የሚመለከት የወላጅ ዐይን ያጣል። ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጭ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ ይጀመር የሚለው ነው። ብዙዎቹ የማዘያ ሠሪዎች ሕፃኑ 5 ወይም 6 ወር ሳይሞላው ፊቱን ወደ ውጭ ማዞርን አይፈቅዱም። ይሁን እንጂ ወሩን መቍጠር ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ምስክር አንገቱ ነው። ሕፃኑን ደግፋችሁ ስታስቀምጡት ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ሳይወላወል ቀጥ ብሎ ይቆማልን? በራሱ ኀይል ግራና ቀኝ ይዞራልን? በማዘያው ውስጥ ሲገባስ አገጩ ከማዘያው የላይኛ ጠርዝ በላይ ይውላልን? ለሦስቱም መልሱ አዎን ካልሆነ ጊዜው ገና ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ሌላ ወር መታገሥ አይጎዳም። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመር።

ስለ አንገት ይህን ያህል የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፤ የመተንፈሻው ቧንቧ ግን ጠባብና ለስላሳ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ፊት ወድቆ አገጩ ደረቱን ሲነካ፣ የታጠፈ የውሃ ጎማ ውሃ እንደማያሳልፍ፣ ቧንቧው አየር ማሳለፍ ያቅተዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ በዚህ ጊዜ ሕፃኑ የማይጮህ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት በትከሻ በሚንጠለጠሉ የጨርቅ ማዘያዎች ቢያንስ 14 ሕፃናት መሞታቸውንና ከእነዚህ መካከል 12ቱ ገና 4 ወር ያልሞላቸው መሆናቸውን ገልጧል። ማዘያው ሌላ ዓይነት ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ይኸውም የሕፃኑ አፍንጫና አፍ ምን ጊዜም ክፍት፣ አገጩም ከደረቱ ከፍ ያለ ይሁን የሚል ነው።

ስለዚህ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረ ሕፃን በማዘያው ውስጥ መተኛት የለበትም። ወደ እናንተ የዞረ ሕፃን እንቅልፍ ሲወስደው ጉንጩን የሚያሳርፍበት ደረት አለው፤ ወደ ውጭ የዞረው ግን ከፊቱ ያለው ባዶ አየር ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል። ዐይኑ መክበድ ሲጀምር «ጥቂት ሄጄ ቤት ስደርስ» አትበሉ፤ እዚያው ቁሙና አውጥታችሁ ወደ ደረታችሁ አዙሩት።

ቀጥሎ የሚመጣው የዳሌ ነገር ነው። በሕፃንነት ጊዜ የዳሌ መገጣጠሚያ ገና ለስላሳ ነው። ጭኖቹ ተከፍተውና ጉልበቶቹ ታጥፈው ሲቀመጡ የጭኑ ዐጥንት ራስ በጎድጓዳው ውስጥ በደንብ ያርፋል። እግሮቹ ተገጥመውና ተዘርግተው ሲታሰሩ ግን ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በጃፓን የሕፃናትን እግር ዘርግቶ የመጠቅለል ልማድ በነበረበት ዘመን፣ ይኸውም ከ1965 በፊት፣ ከ100 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ዳሌያቸው የወለቀ ነበር። ሐኪሞች በ1975 ይህን ልማድ ለማስቀረት የማስተማር ዘመቻ ከጀመሩ ወዲህ ቍጥሩ ከ1000 ሕፃናት ከ2 ወደሚያንስ ወረደ። አንቀልባ ጭንን ከፍቶ ማስቀመጡ እንዴት ያለ ጥቅም እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ጠባብ ማዘያ የጤነኛን ሕፃን ዳሌ እንደሚያወልቅ የተረጋገጠ ነገር የለም። ቢሆንም ዳሌ በይበልጥ የሚጠነክረው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ስለ ሆነ፣ ስለ ዳሌ ጤንነት የሚያስተምሩ ባለሙያዎች በዚያ ጊዜ ሕፃኑ ወደ አዛዩ ዞሮ እንዲታዘል ይመክራሉ። ከዚያም በኋላ ቢሆን መቀመጫው ጭኑን እስከ ጉልበቱ አቅራቢያ የሚደግፍ ይሁን። ሕፃኑ በብልቱ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ እግሮቹ እንደ ደወል ምላስ የሚወዛወዙ ከሆነ፣ ማዘያው ፊትን ወደ ውጭ ለማዞር የሚስማማ አይደለም።

ለምን ያህል ጊዜ ይታዘል? ለመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከለመደም በኋላ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው። እናንተ በመርካቶ መካከል ስታልፉ ጩኸቱ ቢሰለቻችሁ ወደ ሌላ ስፍራ ትሄዳላችሁ። ሕፃኑ ግን ጥሩምባውን፣ ሙዚቃውን፣ ጉንጩን ሊነካ የሚመጣውን እንግዳ እጅ ሁሉ በግድ ይቀበላል። መሰልቸቱን በቃል መናገር አይችልምና ምልክቱን እወቁለት፦ ፊቱን ወደ ጎን ይመልሳል፣ ዐይኑን ያሻል፣ ያዛጋል፣ ጀርባውን ይለጥጣል፣ ይነጫነጫል። አንዳንዱም ዝም ብሎ ይፈዝዛል፤ ይህን ወላጆች «ጨዋ ልጅ ነው» ብለው ያልፉታል። የተጠቀሱት ሁሉ «አዙሩኝ» ማለት ናቸው።

ይህንን ለማየት የሕፃኑን ፊት ማየት ያስፈልጋል፤ ችግሩም ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሰው ጋር የምትሄዱ ከሆነ ጓደኛችሁ ፊቱን እያየ ይንገራችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ በየሱቁ መስኮት መስታወት አጠገብ ስታልፉ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት፤ ወይም ትንሽ የእጅ መስታወት በኪሳችሁ ያዙ።

ስለ አስተሳሰሩም ጥቂት እንበል። አስቀድማችሁ ስፌቱንና ዘለበቱን ፈትሹ። ከደረታችሁም እስክሪብቶ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ የክራቫት መርፌ የመሰለውን ጠንካራ ነገር ሁሉ አንሡ፤ የሕፃኑ ጀርባና ጭንቅላት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ ይሁን፤ ሌላ ሰውም ይርዳችሁ። ማዘያው ሲጠብቅ የሕፃኑ ጀርባ ከደረታችሁ ጋር ይገጥማል፤ ቁመቱም አንገታችሁን ጥቂት ብታጎነብሱ አናቱን ለመሳም የሚያስችል ይሁን። ዕቃ ለማንሣት ስትፈልጉ ከወገባችሁ አትጎንበሱ፤ በአንድ እጃችሁ ሕፃኑን ደግፋችሁ ከጉልበታችሁ ሸብረክ በሉ።

ልጅ በደረት ላይ ሲሆን የገዛ እግራችሁን አታዩም። በክረምት ጭቃ፣ በኮብልስቶን መንገድ፣ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ወደ ፊት ብትወድቁ ከሥር የሚሆነው ሕፃኑ ነውና። ስለዚህ በደረጃ ላይ መደገፊያውን ያዙ፤ በሚያዳልጥ ስፍራም አዝላችሁ አትሂዱ። እጁ የደረሰበትን ሁሉ ስለሚይዝ፣ ከምጣድና ከጀበና አጠገብ በደረት አዝሎ መቆም አይገባም፤ ትኩስ ማኪያቶም ይዞ መቆም እንዲሁ ነው። ለፀሐዩ ባርኔጣ፣ ለብርዱ የእግር ሹራብ አድርጉለት እንጂ ነጠላ ወይም ፎጣ በፊቱ ላይ አትጣሉ። በመኪና ውስጥ ደግሞ ማዘያ የሕፃን መቀመጫን አይተካም፤ አንድ ቀበቶም ለሁለታችሁ አይታሰር፤ መኪናው በድንገት ሲቆም የእናንተ ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋልና።

ከደመወዝ ላይ ተቀንሶ የሚገዛ ዕቃ ስለ ሆነ ሲገዛም ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዳንዱ ማዘያ ፊትን ወደ ውጭ ለማዞር ጨርሶ አልተሠራም፤ የአጠቃቀም ወረቀቱ የሚፈቅደውን ዕድሜና ክብደት አንብቡ። ከዘመድ የተላከ ወይም ያገለገለ ከሆነ ማንገቻው አለመበላቱን፣ ዘለበቱ አለመሰንጠቁን እዩ። ገንዘቡ ካልተገኘም አትዘኑ። ፊቱን ወደ ውጭ ሳይዞር ያደገ ልጅ ምንም አልጎደለበትም፤ በጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ መስኮት ብታሳዩትም ያው ዓለም ነው።

ነገሩን ለማሳጠር፣ አንገቱ የጸናና የነቃ ሕፃን ለጥቂት ደቂቃ መንገዱን ይይ፤ የደከመው፣ የተኛውና ገና ያልጠናው ግን ወደ ደረታችሁ ይዙር። ዓለሙን ለማየት ገና ብዙ ዘመን አለው፤ ለጊዜው የሚያስፈልገው መመለሻው ቅርብ መሆኑ ነው።

ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።