ዘሩ ሳይዘራ ይታከም

ሀዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ቦሎቄ እቸረችራለሁ። ከሲዳማ ወረዳዎች በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ የሚመጣውን ቀይ ቦሎቄ ዘግኜ ሳየው ደቃቃውና የተጨማደደው ይበዛል። ገበሬዎቹን ስጠይቃቸው «ማዳበሪያው ተወደደ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ርካሹን መላ ማን ነገራቸው?

ቦሎቄ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በሥሩ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኩል ነው። እነሱ ደግሞ ያለ ሞሊብዲነም ሥራቸውን አይሠሩም። አሲዳማ አፈር ይህን ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ከአገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ አሲዳማ ነው። አፈሩን በኖራ ማከም ዋናው መፍትሔ ቢሆንም በርካታ ኩንታል ይጠይቃል። ሞሊብዲነም ግን ለሄክታር ከ100 ግራም ባይበልጥም ይበቃል፤ ዘሩን በእሱ አሽቶ፣ ጥላ ሥር አድርቆ መዝራት ነው። ዚንክም በዘር በኩል ይሰጣል።

ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠኑ ከበዛ ቡቃያው ይጎዳል፤ የታከመ ዘርም ከቶ ለድስት አይሆንም።

የግብርና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እዚሁ ሀዋሳ አለ። ለየወረዳው አፈር የሚስማማውን መጠን ያውጣልን፤ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱም በትንንሽ ፓኬት ከዘሩ ጋር ይሽጡት። አጠቃቀሙ በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ይጻፍበት።