የአራሷን ስልክ ማን ይክፈል?

አስኮ በጫማ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ሰፈር ናት። በየፋብሪካው ቆዳ ከሚቆርጡትና ከሚሰፉት እጆች በርካቶቹ የሴቶች ናቸው። አንዷ ስትወልድ አሠሪው የሚያወጣው ወጪ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። ወልዳ ሳትመለስ ስትቀር የሚደርስበት ኪሳራ ግን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይታይም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ የድኅረ ወሊዱ 60 ቀን ነበር። ለምሳሌ የወር ደመወዟ 5,000 ብር ለሆነ ጫማ ሰፊ በአራት ወር 20,000 ብር ይከፈላል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለአሠሪው ፍሬ የሚሰጠው ሴትየዋ በጤና ወደ ማሽኗ ስትመለስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እናት በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። በኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የታዩት እናቶች ከመቶ 34 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ድርጅቱ እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ አምስት ሴቶች አንዷ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ ያጋጥማታል።

ቀደም ሲል አራሷን እናቷ መጥታ ታርሳት፣ ጎረቤትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎና አጥሚት ይዞ ይገባ ነበር። በኪራይ ክፍል ብቻዋን ለምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ወግ ሳስቷል። የሞባይል አገልግሎት ገበያ የሚያገኘው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ አልሚዎች ብዙውን ጊዜ ገዢዋ እናቲቱ ናት ብለው ይነሳሉ። ስሌቱ እዚህ ላይ ይሳሳታል። አራስ ገንዘቧ ለወተትና ለኪራይ ነው። ዘመናዊ ስልክ የሌላት፣ ወይም ስልኩ በባሏ እጅ የሆነባት ብዙ ናት። ደቡብ አፍሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ሞምኮኔክት በተራ አጭር መልእክት፣ ያለ ክፍያ፣ ጥያቄ የሚቀበል የእርዳታ ጠረጴዛ ይዞ መነሳቱ ትምህርት ይሆናል።

ስለዚህ ከፋዩ አሠሪው ሊሆን ይገባል። በአማርኛና በኦሮምኛ የድምፅ መልእክት የሚልክ፣ ደም ሲበዛ ወይም ትኩሳት ሲነሳ ከነርስ ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት በሠራተኛ ቁጥር በውል ቢሸጥ ሻጩ ቋሚ ገቢ ያገኛል። ነርስ የሌለበት መተግበሪያ ግን ማሕተም እንደሌለው ደረሰኝ ነው።

አሠሪዎች «አዋጁ በቂ ሸክም ጭኖብናል» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን አዲስ ሰፊ እስክትሠለጥን የሚባክነው ቆዳና ጊዜም ወጪ ነው። አንድ ነገር ብቻ መጠበቅ አለበት፦ እናቲቱ ለነርሷ የነገረችው አለቃዋ ዘንድ መድረስ የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። የተናገረችው ለቅነሳ ምክንያት ይሆንብኛል ብላ የምትፈራ ሴት ስልኩን አታነሳም፤ ስልኩ ካልተነሳ ደግሞ አሠሪው የከፈለው ለባዶ ጥሪ ነው።