«ኮንታክት ነው» አትበሉን!

የግቢያችን የጋራ ምጣድ በቀደም ሊጥ ፈስሶበት ሳለ ቀጥ አለ። «ሬዚስታንሱ ተበጥሷል» ተባለና ጠጋኝ ተጠራ። ሰውዬው ምጣዱን ገልብጦ ከፈተው፤ የተቃጠለውን ጥምዝምዝ ሽቦ አንድ አምስተኛ ያህል ቆርጦ ጣለና የቀረውን ሳብ ሳብ አድርጎ አገናኘው። አከራያችን በማግስቱ ጋግረው ሲነሱ «ልጄ፣ ከአዲስም በለጠ! እሳቱ እኮ ሌላ ነው!» አሉኝ። ጠጋኙን መረቅነው። ሳምንት ሳይሞላ የግድግዳው ሶኬት ቀልጦ ግድግዳው በጭስ ጠቆረ። ደግነቱ ሰው ቤት ነበር። ፍርዱ ግን ጭሱ ሳይጠራ ደረሰ፦ «ኮንታክት ነው!»

እናንተዬ፣ ይሄ ኮንታክት የሚሉት ፍጡር ማነው? ቤት ሲቃጠል እሱ፣ ሱቅ ሲወድም እሱ! እኛ ጋዜጠኝነት የተማርነው እንኳ የእሳት አደጋ ዜና ስንጽፍ መንስኤው የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው እንልና አራት ነጥብ እናደርጋለን። ስንት አምፒር ያልፍ ነበር? ሽቦው ስንት ይችል ነበር? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮንታክት እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ቁጣ ሆኖ ያርፈዋል።

እኔ ግን እላለሁ፦ የእኛ ሶኬት የቀለጠው በማካፈልና በማባዛት ነው። እስቲ ወረቀት አምጡ።

ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። ምጣዱ ጤነኛ ሳለ 16 አምፒር ይስብ ነበር እንበል። 220ን ለ16 ስናካፍል 13.75 ኦም ይመጣል። ሬዚስታንስ ማለት ይቺ ናት። 220ን በ16 ስናባዛ ደግሞ 3,520 ዋት እናገኛለን፤ ይሄ ፓወሩ ነው። አለቀ! ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ከዚህ የከበደ ስሌት አይጠይቅም።

አሁን ሽቦውን አንድ አምስተኛ ቁረጡት። ሽቦ ሲያጥር ሬዚስታንሱም በዚያው ልክ ያንሳል፤ 13.75 የነበረው 11 ኦም ይሆናል። ሳብ ሳብ ማድረጉ ጥምዝምዙን ያላላዋል እንጂ ተቆርጦ የተጣለውን አይመልስም። ቮልቱ ያው 220 ነው። 220 ለ11 ሲካፈል 20 አምፒር፣ 220 በ20 ሲባዛ 4,400 ዋት! አከራያችን «ከአዲስም በለጠ» ሲሉ አልተሳሳቱም፤ በ880 ዋት በልጧል። እኛ የመረቅነው ለካስ አደጋውን ኖሯል።

ምክንያቱም የጨመረው 4 አምፒር ምጣዱ ላይ ብቻ አይቀርም። ከቆጣሪው ጀምሮ በግድግዳው ሽቦና በሶኬቱ በኩል ነው የሚያልፈው። የላላ ሶኬት ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ እዚያች ቦታ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በግማሽ ሲባዛ ነው። በ16 አምፒር 128 ዋት፣ በ20 አምፒር 200 ዋት። አያችሁ? አምፒሩ የጨመረው በሩብ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከግማሽ በላይ ጨመረ። 200 ዋት ማለት ሁለት የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖሎችን በአንዲት የፕላስቲክ ሶኬት ውስጥ ማፈን ነው። እንዴት አይቀልጥ?

ይባስ ብሎ ምጣድ በዲቫይደር የሚሰካ አለ። 10 አምፒር የሚል የተጻፈበት ዲቫይደር በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው፤ ጤነኛው ምጣድ እንኳ 3,520 ይፈልጋል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ «አስቸገረ» ብለን በትልቅ እናስቀይራለን። ፊውዝ ሲቃጠል ወፍራም ሽቦ እንጠመጥምበታለን። ሌባ መጣ ብሎ የሚጮኸውን ዘበኛ አፉን ማፈን ይሏል ይሄ ነው!

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህን ሁሉ መማራችን ነው። «ቪ ኢኩዋልስ አይ አር» እያልን እንደ ዳዊት ደግመናል። ጥያቄው ሁሉ ግን ስለ አንዲት ባትሪና ሰሌዳ ላይ ስለተሳለች ዚግዛግ መስመር ነበር። ያቺ ዚግዛግ የእናታችን ምጣድ ውስጥ ያለችው ጥምዝምዝ ሽቦ መሆኗን የነገረን መምህር የለም። ስማቸው እንኳ አንድ ነው እኮ! ክፍል ውስጥ ሬዚስታንስ፣ ጓዳ ውስጥም ሬዚስታንስ። ሁለቱን ሳናስተዋውቅ ፈተናውን አልፈን ወጣን።

«ይሄ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው» የምትሉኝ አትጠፉም። ሽቦ መንካቱ አዎ፣ የእሱ ነው፤ እኔም ምጣድ ክፈቱ አላልኩም። ማካፈልና ማባዛት ግን የማንም የግል ርስት አይደለም። «ድህነት ነው፣ አዲስ ሬዚስታንስ በምን ይገዛል?» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፤ ቆርጦ መቀጠል ይረክሳል። ግን ስሌት ብር አይጠይቅም፤ ደሃ ሰው ደግሞ የትኛው ወጪ ለነገ እንደማይባል ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ነው። የሽቦ ዋጋ ቆጥቦ ቤት ከማጣት የበለጠ ምን ኪሳራ አለ?

ስለዚህ ጎበዝ፣ እንጠይቅ። ጠጋኙን «ከጥገናው በፊት ስንት አምፒር ይስብ ነበር፣ አሁንስ?» እንበለው፤ መለኪያ ከያዘ የደቂቃ ሥራ ናት። ሻጩን «ይሄ ዲቫይደር ስንት ይችላል?» እንበለው። መምህራን ሆይ፣ ባትሪዋን ለጊዜው አስቀምጧትና ምጣዱን ሰሌዳ ላይ ሳሉት። የሙያ ባልደረቦቼም፣ «ኮንታክት ነው» ሲሏችሁ ደብተራችሁን አትክደኑ፤ ዜናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ግቢ አዲስ ሬዚስታንስ ለመግዛት እያዋጣን ነው። አከራያችን «እሳቱ እንደዚያኛው ባይሆንስ?» እያሉ ይሰጋሉ። እንደዚያኛው ባይሆን ነው የሚሻለን፣ እማማ!

ቸር ወሬ ያሰማን።