በሩ ሲከፈት የት ነበራችሁ?

አባቴ አስኮ ላይ መሬት የገዛው በ1995 ነው። መጀመሪያ የሠራው ግን ቤት ሳይሆን በር ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ የታጨደ የጤፍ ማሳ። እናቴ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች፤ "ግድግዳ የለን፣ ጣሪያ የለን፣ ቁልፍ ግን ነበረን" ትላለች። በሩ አንድ ክረምት ሙሉ ብቻውን ቆሞ ከረመ።

በሩ ጋ ለመድረስ መንገድ ዳር ያለው ቦይ ላይ ሁለት ቱቦ ተቀበረ፣ ላዩ ላይ ገረጋንቲ ተደፋ። ከዚያ በፊት ቦታው ጥማድ በሬ የሚያልፍበት ክፍተት ነበር፤ መሬቱን የሸጠልን ገበሬ ዘር ሲዘራ በእሾህ ይዘጋዋል፣ አዝመራው ሲገባ ይከፍተዋል። ገረጋንቲው ከተደፋ በኋላ ግን መኪና ገባበት። በሁለተኛው ዓመት በዚያችው መግቢያ የገቡ ስምንት ቤቶች ነበሩ።

ይህን የማወራው ቤተሰቤን ላሳጣ አይደለም (እራት የምበላው እዚያው ቤት ነው)። ከተማ የሚጀምረው ከቤት ሳይሆን ከመግቢያ ነው ለማለት ነው። ማሳ ላይ መኪና የሚያስገባ በር ከተከፈተ ወዲያ የቀረው የገንዘብና የቀን ጉዳይ ነው። የእኛ አገር ቁጥጥር ግን ዓይኑን የሚገልጠው ጣሪያ ሲያይ ነው።

"የጨረቃ ቤት" የሚባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሌሊት ይሠራል፣ ሲነጋ ቤተሰብ ገብቶበት ይገኛል። እሺ፣ ቤቱ በጨረቃ ይሠራ። መግቢያውስ? ሲኖትራክ ሙሉ ገረጋንቲ ድምፅ ሳያሰማ የሚገለበጥበት ጥበብ እስካሁን አልተፈለሰፈም። መግቢያ የሚሠራው በጠራራ ፀሐይ ነው። ደላላው ያያል፣ ደንብ አስከባሪው ያያል፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያያል።

ከእኛ ጀርባ በ2001 የገባች ሴት ነበረች። ያው መግቢያ፣ ያው ገረጋንቲ፣ ያው ገበሬ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ፈቃድ የተያዙ ይዞታዎች ሕጋዊ ሲደረጉ 1997 መለያ ዓመት ሆነ፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከወጣ በኋላ የእኛ ቤት ካርታ አገኘ። የእሷን ዶዘር ወሰደው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምጣዷን ከፍርስራሹ ውስጥ ስታወጣ አየኋት፤ ምጣዱ አልተሰበረም ነበር። በእኛና በእሷ መካከል የነበረው ልዩነት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። እዚያ ማሳ ላይ ከተማ እንዳይገባ በእውነት የተፈለገ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቱቦዎች በተቀበሩ ማግስት ይወጡ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ምጣድም ከፍርስራሽ የሚያወጣ ሰው አይኖርም ነበር።

እንግሊዞች ይህን ነገር ከገባቸው ቆይቷል። እዚያ ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ፣ በዋና ዋና መንገዶች በኩል አዲስ በር ልክፈት ካለ የፕላን ፈቃድ ይጠየቃል። የማይረባ ቢሮክራሲ ይመስላል። ግን በር ዛሬ ለትራክተር ተብሎ ተከፍቶ ነገ ለምን እንደሚያገለግል ያውቃሉ። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የእንግሊዝን ገጠር ለመጠበቅ የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነው። የለንደንን አረንጓዴ ቀበቶ ያካተተውን የ1944ቱን ፕላንም የነደፈው እሱ ነው። የ1956ቱን የአዲስ አበባ ማስተር ፕላንስ? እሱው! ፕላኑን ከሰውዬው ገዛን፣ የበሩን ነገር ግን እዚያው ተውነው። (ፈረንጅ ስላደረገው እናድርገው እያልኩ አይደለም። አባባሌ ገብቷችኋል።)

እዚህ ላይ "እንግዲያው ገበሬው እንዳይሸጥ ይከልከል!" የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ቆይ ወንድሜ። ገበሬው ለምን እንደሚሸጥ ጠይቀህ ታውቃለህ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል። ስለዚህ መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ለገበሬው ሲታሰብለት የቆየው የምርቱ ዋጋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የዓመት ገቢው አሥር እጥፍ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። ደላላው ደግሞ የሚያሰላው በካሬ ነው። ነገ በምርት ዋጋ ከሚወሰድብኝ ዛሬ በካሬ ልሽጠው ያለ ሰው ስግብግብ አይደለም። ሂሳብ የሚችል ሰው ነው።

ሌላም አለ፣ ማንም የማያወራው። ባለፈው ዓመት ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አባባ አገኘሁ። በሬዎቻቸውን በአስፋልቱ ጠርዝ እየነዱ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር እየቆሙ ይሄዳሉ። "አባባ፣ ማሳዎ ከዚህ ይርቃል?" አልኳቸው። በከዘራቸው ወደ ኋላችን ጠቆሙ። ማሳው እዚያው ነበር፣ ከአንድ መጋዘን የግንብ አጥር ጀርባ። የድሮው መግቢያቸው አጥሩ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ዙረው ለመግባት ግማሽ ሰዓት ይሄዳሉ። "መሬቱስ አለኝ ልጄ" አሉኝ፤ "መግቢያውን ነው ያጣሁት።" ጠይቀው እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ። "ማንን?"

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወደ ሕዝብ መንገድ መውጫ ለሌለው መሬት በጎረቤት መሬት ላይ የመተላለፊያ መብት ያውቃል። እሳቸው ግን መጽሐፉን ይዘው ከመጋዘኑ ዘበኛ ጋር ሊከራከሩ ነው? በዚህ ዓመት ማሳው ላይ የቆርቆሮ አጥር አይቻለሁ። የሸጡት ይመስለኛል። በሬ የማይገባበት ማሳ ላይ ደላላ በቀላሉ ይገባል።

እንግዲህ ነገሩ ሁለት ጫፍ አለው። ለሲኖትራክ ያለ ጥያቄ የሚከፈት በር አለ፤ ለጥማድ በሬ ያለ ጥያቄ የሚዘጋ በር አለ። ፕላናችን ሁለቱንም አያይም። በካርታው ላይ አረንጓዴ ቀለም ይቀባና "የተጠበቀ" ይላል፤ በየት እንደሚገባበትና ማን እንደሚገባበት አይልም። ሲፈልግ እኮ በር ያውቃል! በጉለሌው የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር፣ በ2013 በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ፣ ጎብኚ በየት እንደሚገባ ተጠንቶ ነው የተሠራው። ለጎብኚ የታሰበው ለአራሹ ለምን አይታሰብም?

ከአስኮ የሚነሳው ይኸው መንገድ ነው ቡራዩን፣ ሆለታን አልፎ ጊንጪ የሚያደርሰው። በኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ ተማሪዎች የተነሡት በአንድ የኳስ ሜዳና በጭልሞ ደን ጉዳይ ነበር። በጥር ወር የአዲስ አበባና የዙሪያው የጋራ ማስተር ፕላን ተሰረዘ፤ እስከዚያ ግን ብዙ ሰው ሞተ። አንዲት ሜዳ ለማን እንደምትከፈት ያለ ባለቤቶቿ መወሰን ትንሽ ጉዳይ ነው የሚል ካለ ያንን ዓመት ያስታውስ።

ሐሳቤን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው፣ "ለበር ፈቃድ? ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ በር ላይ ደግሞ ስንት ጉዳይ ገዳይ ሊቆም ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አሳምሮ ያዘኝ። ስለዚህ ገበሬው የትም እንዲሰለፍ አልፈልግም። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር አዋሳኞችን ይጽፋል፤ መግቢያውንም ይጻፍ፣ በነጻ። የተጻፈ መግቢያ በግንብ ከተዘጋ የሚከሰሰው ግንቡን የሠራው ይሁን። መኪና ለማስገባት አዲስ በር የሚከፍት ግን ስሙንና ዓላማውን እዚያው ቦታው ላይ፣ አላፊ አግዳሚ እንዲያነበው ይለጥፍ። ጎረቤት ይቃወም ወይም ዝም ይበል። ማስታወቂያ ሳይለጠፍ የተቀበረ ቱቦ ይውጣ። ጣሪያ እስኪመጣ አይጠበቅ።

ይህ ቤት አይሠራም፣ አውቃለሁ። በ2005 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው መቶ ሺዎች ሕዝብ የሚኖርበት ይፈልጋል፤ አባቴም ማሳ ላይ በር የተከለው ጤፍ ጠልቶ አይደለም። ግን ከተማው ይስፋ ከተባለ ተነግሮ፣ በሚታወቅ በር ይስፋ። ካልተባለ ደግሞ ምጣድ ከማስለቀቅ ቱቦ ማስለቀቅ ይቀላል።

ባለፈው ሳምንት ከቡራዩ ስመለስ በታክሲው መስኮት አዲስ ገረጋንቲ አየሁ። ቦዩ ላይ ሁለት ቱቦ፣ ከኋላው የጤፍ ማሳ፣ ዳር ላይ ቀለም ያልተቀባ የቆርቆሮ በር ተጋድሟል። ገና አልተተከለም።