ኳሷ መጽሐፍ አላነበበችም

ዛሬ የምናወራው ስለ ጎልፍ ነው። አትሳቁ! “አርባ ምንጭ ቁጭ ብላችሁ ስለ ጎልፍ ምን አገባችሁ?” እንደምትሉን እናውቃለን። እውነት ነው፣ ከሲቀላ ሴቻ ዳገቱን ስንወጣ ስንወርድ ብዙ ዓይነት ጉድጓድ አይተናል፤ የጎልፍ ግን አላየንም። ይሁንና የጎልፍ ሰዎች ለሰባ ዓመት ያህል የተጨቃጨቁበት ጉዳይ የእኛን ሰፈር ልጆች ዕድል ከሚያበላሸው በሽታ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ስላገኘነው ዝም ማለት አቃተን።

ጭቅጭቁ ምንድነው? ጎልፍ ተጫዋች ዱላውን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ኳሷ ሲመልሰው ዱላው አየር ላይ ዘመም ያለ ጠለል ይሥላል። ጥያቄው “ትክክለኛው ጠለል የትኛው ነው?” የሚል ነው። ቤን ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ከኳሷ ተነስቶ ትከሻ ላይ የተደገፈ መስተዋት አስቡ አለ፤ ክንዳችሁ መስተዋቱን ሰብሮ እንዳይወጣ! ሆመር ኬሊ በ1969 መጣና ምቱን በ24 ክፍሎች በታትኖ እንደ ማሽን ተነተነው። ጂም ሃርዲ በ2005 ደግሞ ተጫዋቾችን ለሁለት ከፈላቸው፤ ክንዳቸው ከትከሻቸው ጋር በአንድ ጠለል የሚዞር እና ክንዳቸው ከትከሻቸው ይልቅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ። ሃርዲ እንኳን ሁለቱም ይሠራሉ፣ ብቻ አትደባልቋቸው ነው ያለው። ተከታዮቹ ግን ጎራ ለይተው ተቧደኑ። በ2007 ደግሞ “ክብደትህን ፊት እግርህ ላይ አቆይ” የሚሉ ሌሎች ብቅ አሉ። እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው።

አሁን ውጤቱን እንይ። ጂም ፊዩሪክ የሚባል አሜሪካዊ አለ። ዱላውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ያወጣና ሲመልሰው ጠምዝዞ በሌላ መንገድ ያወርደዋል። የሆጋን መስተዋት ቢኖር ኖሮ ስንጥርጥሩ ይወጣ ነበር። ይህ ሰው በ2003 የአሜሪካን ኦፕን ወሰደ፤ በ2016 ደግሞ በአሜሪካው ትልቅ የባለሙያዎች ውድድር ታሪክ አንድን ዙር በ58 ምት የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሌላው ጫፍ ፊዚክስ ያጠናው ብራይሰን ዲሻምቦ አለ። እሱ ምቱን በተቻለው መጠን በአንድ ጠለል ላይ ያስኬዳል፤ የብረት ዱላዎቹን እንኳን እኩል ርዝመት አድርጎ አሠርቷል። እሱም ያንኑ ዋንጫ በ2020 እና በ2024 ወሰደ። አንድ ዋንጫ፣ ሁለት ተቃራኒ ጠለል!

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዱላው ኳሷን የሚነካት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ኳሷ የምታውቀው የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ፣ ዱላው በየት አቅጣጫ እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደፈጠነ እና የቱ ጋ እንደመታት ነው። ከዚያ በፊት ክርንህ የት ነበር? አልሰማችም። የማንን መጽሐፍ አነበብክ? አታውቅም።

የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ። ብዙ አሠልጣኞች ለዘመናት “ኳሷ የምትነሳው ዱላው በመጣበት አቅጣጫ ነው” እያሉ አስተምረዋል። ራዳር መጥቶ ሲለካ በአብዛኛው የምትነሳው የዱላው ፊት ወደዞረበት ሆኖ ተገኘ። መንገዱና ፊቱ ሲለያዩ ደግሞ ኳሷ ትታጠፋለች። ስንቱ ተማሪ ትክክል ሠርቶ “ተሳስተሃል” ተብሎ ይሆን?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከመካከላችን አንዱ፣ ግራ እግረኛ ነው፣ ቅጣት ምት ሲመታ እንደ ሌላው ከጎን አይንደረደርም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ለታዳጊ ቡድን ምልመላ በወጣበት ቀን ሁለት ቅጣት ምት መታ፤ ሁለቱም መረብ ውስጥ ገቡ። መልማዩ ግን አንገቱን ነቀነቀና “አመታትህ ሳይንሳዊ አይደለም” ብሎ መለሰው። ሳይንሳዊ! ኳሷ መረብ ውስጥ ተኝታ እያየችው! ያ ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሥራ ክቡር ነው፤ የሚያናድደን የተመለሰበት ምክንያት ነው።

እኛ የምንለው ይህ ሳይንስ አይደለም፤ ሥዕል ማምለክ ነው። ሳይንስ ቢሆንማ ይለካ ነበር። “አሥር ጊዜ ምታ፣ ስንቱ ገባ? ነገም ድገመው” ይል ነበር።

የሚገርመው ይህ የሚደረገው በጋሞ ምድር ላይ መሆኑ ነው። ዶርዜ ሄዳችሁ ሸማኔ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። አንዱ አጎንብሶ፣ ሌላው ቀና ብሎ ይሠራል። ገዢ ሲመጣ “ክርንህ ስንት ዲግሪ ነበር?” ብሎ አይጠይቅም። ጋቢውን ይዘረጋል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፣ ጥበቡን ወደ ብርሃን ያያል። አባቶቻችን እዚህም ሽሮ ሜዳም የተመዘኑት በጨርቁ ነው። እኛ ልጆቻቸውን በክርን መመዘን ከየት መጣ?

አርባ ምንጭ ላይ ሪዞርት ያለውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴንም አስቡት። በልጅነቱ ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደው የክንድ አያያዝ ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ አልለቀቀውም። በዚያ “ጠማማ” ክንድ በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣ፤ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የእኛ መልማይ ቢያገኘው ኖሮ “መጀመሪያ ክንድህን አስተካክል” ብሎ ይመልሰው ነበር።

“ታዲያ ሁሉም እንደፈለገው ይሁን ነው የምትሉት?” ለምትሉን፣ በፍጹም! ጉልበት ወይም ወገብ የሚጎዳ አመታት ካለ ይታረም። ኳሱ አንዴ ገብቶ ዘጠኝ ጊዜ የሚስት ካለም ይታረም። ጀማሪም የሚነሳበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ የሆጋን መስተዋት ብዙ ሰው ጠቅሟል። ንድፈ ሐሳብ መሰላል ነው፤ ጣራ ላይ የወጣን ሰው “በእኔ መሰላል አልወጣህምና ውረድ” ማለት ግን እብደት ነው።

ስለዚህ መልማዮቻችንን የምንለምነው ራዳር እንዲገዙ አይደለም። በኪሳቸው ያለው ስልክ ቪዲዮ ይቀርጻል። አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ደግሞ የገባውንና የሳተውን ይቆጥራል። ልጁን ከመመለሳችሁ በፊት ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ካልበቃ መልሱት፣ አንከራከርም። ሳትቆጥሩ ከመለሳችሁት ግን የመለሳችሁት በሳይንስ ሳይሆን በዓይን አመል ነው።

እስከዚያው ያ ልጅ እሁድ እሁድ ከሰዓት ባጃጁን አቁሞ ይመጣል። ያው ቀጥ ብሎ ነው የሚንደረደረው። በረኞቻችን ደግሞ ያው ኳሷን ከመረብ ያወጣሉ።

ቸር እንሰንብት!