«እጀ ሰባራ!»

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ልጄ ሲኒ ሰበረና «እጀ ሰባራ!» አልኩት። ስባሪውን ሲለቅም ቀና ብሎ አላየኝም። ያኔ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ፦ ሚሼል ሃሪስና ኡልሪክ ኦርት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎችን በጊዜ ሂደት የተከታተሉ 52 ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ የሚወደድና የሚደገፍ ሰው ለራሱ ያለው ግምት እንደሚጨምር፣ ለራሱ ጥሩ ግምት ያለው ደግሞ ከሰው ጋር ይበልጥ እንደሚስማማ አሳይተዋል። አንዱ ሌላውን ያሳድጋል፤ ይጎዳዋልም። የተለካው ተጽዕኖ ትንሽ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ትንሽነቱ ነው፤ የዕለት ስድብ ሳናየው ይጠራቀማል። «ልጅን ማመስገን ያሞላቅቃል» የሚሉ ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ማታ ይቅርታ ጠየቅሁትና የቀሩትን ሲኒዎች ከነረከቦቱ እንዲያነሳ ሰጠሁት። በሁለት እጁ አቅፎ፣ እያየኝ ወደ ጓዳ ገባ።